የኮምፒዩተር ዳኛና ረዳቶቹ፤ የሮበርት ኖይስ አጭር የሕይወት ታሪክ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ እንድጽፍ ስጠየቅ የመረጥሁት የአንድ የውጭ አገር ሰው ታሪክ ነው። ሰውዬው የእኛን ሰፈር አያውቅም፤ ከሞተም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም የእጁ ሥራ ያልገባበት ቤት በሀና ማርያም ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በኪሳችን ባለው ስልክ፣ በሳሎናችን ባለው ቴሌቪዥን፣ በካርድ በሚሞላው የመብራት ቆጣሪ፣ በባንክ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁሉ አለ። ስሙ ሮበርት ኖይስ ይባላል።

እኔ ብዙ ዘመን በኮምፒዩተር ጥገና ሥራ ላይ ስለቆየሁ በሰፈራችን ስልክና ኮምፒዩተር የሚጠግኑ ልጆች አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ዋናው ቺፕ፣ ስለ ማይክሮፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። እሱ ጥሩ ከሆነ ሁሉ ነገር ጥሩ ይመስላቸዋል። ይህ እንግዲህ እድርን ዳኛው ብቻውን ያቆመው፣ ድንኳኑንም ዳኛው ብቻውን የሚተክለው አድርጎ እንደ ማሰብ ነው። የኖይስን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። የዚህ ሰው ሕይወትም ሆነ ከድርጅቱ የወጡት ቺፖች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ የሚጠራው የአንዱ ሲሆን ሥራው ግን የብዙዎች ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. የሚል ተጨምሮበታል።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሮበርት ኖርተን ኖይስ በዲሴምበር 12 ቀን 1927፣ በእኛ ታኅሣሥ 2 ቀን 1920 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አዮዋ በሚባለው ክፍል በበርሊንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ራልፍ ኖይስ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ፤ እናቱ ሐሪየት ይባላሉ። ከአራት ወንድማማቾች ሦስተኛው እሱ ነው። የቄስ ቤት እንደሚታወቀው ሀብት አይበዛበትም። አባቱ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ሲዛወሩ ቤተሰቡም አብሮ ሲዞር ቆየና በመጨረሻ ግሪኔል በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። አዮዋ የገበሬ አገር ነው። በቆሎ ይዘራል፤ አሳማ ይረባል። የእርሻ መሣሪያ ሲሰበር ባለቤቱ ራሱ እዚያው ይጠግነዋል እንጂ ከተማ ወርዶ አዲስ አይገዛም። ኖይስ ያደገው በዚህ ልማድ ነው።

በ1940 የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከወንድሙ ጋር ሆኖ አንድ ልጅ የሚሸከም ሞተር የሌለው አውሮፕላን ሠሩ። ሠርተውም አላበቁ፤ ከግሪኔል ኮሌጅ በረት ጣራ ላይ ይዘውት ዘለሉ። እግዜር ጠብቋቸው በሕይወት ወረዱ።

ከዚያም በዚያው በግሪኔል ኮሌጅ ፊዚክስና ሒሳብ ተማረ። በዚያ ግራንት ጌል የሚባሉ መምህር ነበሩ። በዲሴምበር 1947 ቤል በተባለው የምርምር ድርጅት ውስጥ ባርዲን፣ ብራተንና ሾክሌይ የተባሉ ሳይንቲስቶች ትራንዚስተርን ሠሩ። ትራንዚስተር ማለት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ሌላውን ትልቅ ኃይል የምትከፍትበትና የምትዘጋበት በር ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው አምፖል የሚመስል የመስተዋት ቱቦ ነበር፤ ይሞቃል፣ ይቃጠላል፣ ቦታም ይፈጃል። መምህር ጌል ከባርዲን ጋር ትውውቅ ስለነበራቸው ገና ብዙ ሰው ያላየውን ይህን ዕቃ ለትንሿ ኮሌጃቸው አስመጡ። ኖይስ በገጠር ተቀምጦ ትራንዚስተርን ካጠኑት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ለመሆን የበቃው በዚህ መምህር ምክንያት ነው።

ይኸው መምህር ከሌላም ችግር አውጥተውታል። በ1948 ተማሪዎች ድግስ ደግሰው የአሳማ ጥብስ ሲያምራቸው ኖይስ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሌሊት ሄዶ ከገበሬ ግቢ አንድ አሳማ ሰረቀ። በማግሥቱ ጸጸት ይዟቸው ሄደው ተናዘዙ፤ ዋጋውንም እንክፈል አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ አልሆነም። በገበሬ አገር እንስሳ መስረቅ እስራት የሚያስፈርድ ከባድ ወንጀል ነው። ጌልና የኮሌጁ ኃላፊ ስለ ልጁ ተለምነው በስንት ጭቅጭቅ ቅጣቱ ወደ አንድ የትምህርት ወቅት እገዳ ወረደለት። የእገዳውንም ጊዜ ኒው ዮርክ ሄዶ በአንድ የሕይወት መድን ድርጅት ውስጥ ስንት ሰው በስንት ዓመቱ እንደሚሞት በሚሰላበት ክፍል ሲሠራ አሳለፈ። የእድር አባል ይህን ሥራ በደንብ ያውቀዋል! በ1949 ተመልሶ ተመረቀ። በ1953 ደግሞ ታዋቂ ከሆነው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፊዚክስ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ።

ስምንቱ ከሃዲዎች

ኖይስ ፊልኮ በተባለ ፋብሪካ ለጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ በ1956 ከትራንዚስተር ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሾክሌይ ወደ ካሊፎርኒያ ጠራው። ሾክሌይ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል፤ በዕውቀቱ ማንም አይጠረጥረውም። ሰው ማስተዳደር ግን አልሆነለትም። ሠራተኞቹን አያምንም፤ እርስ በርስ ያጠራጥራቸዋል፤ ውሸት የሚያወጣ መሣሪያ እስከ ማምጣት ደረሰ። ታዲያ በ1957 ስምንት ወጣት ሠራተኞች ተመካክረው ሥራውን ለቀቁ። ሾክሌይም ከሃዲዎች አላቸው ይባላል፤ ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ።

የስምንቱ ስም ተዘሎ እንዳይቀር እነሆ፤ ጎርደን ሙር፣ ዣን ኤርኒ፣ ጄይ ላስት፣ ዩጂን ክላይነር፣ ጁሊየስ ብላንክ፣ ቪክተር ግሪኒች፣ ሼልደን ሮበርትስና ሮበርት ኖይስ። ኖይስ መጨረሻ ላይ የገባ ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው ስለሆነ ሲያመነታ ቆይቷል። ውላቸውን የፈረሙት በወረቀት ሳይሆን በአንድ አንድ ዶላር ኖቶች ላይ ነበር። እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጡ። ፌርቻይልድ የሚባል ባለሀብት ደግሞ 1.38 ሚሊዮን ዶላር አበደራቸውና ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። መጨረሻ የገባው ኖይስ ብዙ ሳይቆይ መሪ ሆነ። ለምን ቢሉ ሰው ያዳምጣል፤ ሲናገር አይጮኽም፤ ሐሳብ ይዞ የመጣን ሰው ተስፋ አያስቆርጥም።

በአንዲት ድንጋይ ላይ ብዙ ሥራ

በዚያ ዘመን የነበረው ችግር ሽቦ ነበር። ትራንዚስተሮቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው ከወጡ በኋላ ሴቶች ሠራተኞች በማጉያ መነጽር እያዩ አንዱን ከሌላው በሽቦ ያገናኙ ነበር። አንድ ኮምፒዩተር በሺህ የሚቆጠር መጋጠሚያ አለው፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ከላላ ሁሉም ይቆማል።

ከስምንቱ አንዱ የሆነው ዣን ኤርኒ በሲሊኮኑ ላይ እንደ መስተዋት ያለ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ትቶ ትራንዚስተሩን ከእርጥበትና ከአቧራ የሚጠብቅበትን ዘዴ አወጣ። ሲሊኮን እንግዲህ ከአሸዋ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። በጃንዋሪ 1959 ኖይስ ከዚህ ተነሥቶ አሰበ። ሽፋኑ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ከሆነ በላዩ ላይ የአሉሚኒየም መስመር ቢዘረጋ ሽቦው እዚያው አብሮ ታተመ ማለት ነው። ብዙ ትራንዚስተሮች፣ ከነማገናኛቸው፣ በአንዲት ድንጋይ ላይ። ዛሬ ቺፕ የምንለው ይኸው ነው። የባለቤትነት ማመልከቻውን በጁላይ 1959 አስገባ፤ በኤፕሪል 1961 ተፈቀደለት። ሐሳቡን ወደ ሥራ የለወጡት ደግሞ ጄይ ላስትና ጓደኞቹ ናቸው፤ በ1960 ሠርተው አሳዩ።

ይሁን እንጂ በቴክሳስ ሌላ ሰው ነበር። ጃክ ኪልቢ የሚባል መሐንዲስ በሴፕቴምበር 1958፣ ማለት ከኖይስ በፊት፣ በአንድ ቁራጭ ላይ የተሠራ ሰርኪዩት ለአለቆቹ አሳይቶ ነበር። የእሱ ግን መገናኛው በእጅ የተለጠፈ ሽቦ ስለነበረ በብዛት ለማምረት አይመችም። ሁለቱ ድርጅቶች ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገቱ። በመጨረሻ ጠበቆቹ ገና ሳይጨርሱ በ1966 ድርጅቶቹ ተስማምተው አንዱ የሌላውን መብት እንዲጠቀም ፈቀዱ። ዛሬ ዓለም ሁለቱንም እኩል ፈጣሪ አድርጎ ይጠራቸዋል።

ቺፑ መጀመሪያ ውድ ነበር፤ የገዛው የጦርና የጠፈር መሥሪያ ቤት ነው። ወደ ጨረቃ ለሄደው አፖሎ መሪ ኮምፒዩተር የተመረጠው ይህ ዓይነት ቺፕ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን ኖይስ ዋጋውን ከማምረቻው ወጪ በታች አውርዶ እንዲሸጥ አዘዘ። ሰው አበደ እንዴ አለ። እሱ ግን ዋጋው ሲወርድ ገዢው ይበዛል፤ ገዢው ሲበዛ ማምረቻው ይረክሳል ብሎ ነው። እንዳለውም ሆነ።

ኢንቴልና አራቱ ቺፖች

በ1968 ኖይስና ጎርደን ሙር ፌርቻይልድን ለቀው ኢንቴል የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። አንድሪው ግሮቭ የተባለው የሃንጋሪ ስደተኛም ወዲያው ተከተላቸው። የድርጅቱ ዓላማ ኮምፒዩተር የሚያስታውስበትን የማስታወሻ ቺፕ መሥራት ነበር እንጂ ማይክሮፕሮሰሰር የሚባል ነገር በሐሳባቸው አልነበረም።

በ1969 ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ድርጅት ለሒሳብ ማሽን የሚሆኑ ወደ 12 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ቺፖች ሥሩልኝ ብሎ መጣ። ቴድ ሆፍ የሚባል መሐንዲስ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ቺፕ ከምንሠራ ትእዛዝ እያነበበ ማናቸውንም ሥራ የሚሠራ አንድ ቺፕ እንሥራ አለ። ኖይስም ግፋበት አለው። ስታን ማዞር ከሆፍ ጋር ሆኖ አሳቡን አቃና። ከጃፓን በኩል የመጣው ማሳቶሺ ሺማ የሒሳብ ማሽኑን አሠራር አጠናቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። በኤፕሪል 1970 ፌዴሪኮ ፋጊን የተባለ ጣሊያናዊ ሲቀጠር ግን ገና በሲሊኮን ላይ የተነደፈ ነገር አልነበረም፤ ጊዜውም አልፎ ነበር። ፋጊን ከሺማ ጋር ሆኖ ቀንና ሌሊት ሠርቶ ቺፖቹን አወጣቸው። የዋናው ቺፕ ጠርዝ ላይም የስሙን ሁለት ፊደሎች ቀረጸበት።

እነዚህ ቺፖች አራት ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። 4004 የተባለው ዋናው፣ ዳኛው ነው። ስፋቱ 3 በ4 ሚሊሜትር፣ የምስር ያህል ሲሆን 2,300 ትራንዚስተሮች አሉበት። ይህ ቺፕ ማሰብና ማዘዝ እንጂ ብዙ ማስታወስ አይችልም። ስለዚህ 4001 የተባለው ረዳቱ የማይለወጠውን ትእዛዝ ይይዝለታል፤ እንደ እድር መተዳደሪያ ደንብ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ታትሟል፣ አይሰረዝም። 4002 ደግሞ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የዛሬውን ሒሳብ ይጽፍበታል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። መብራት ሲሄድ ግን የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፤ ይህን እንኳ እኛ ለማንም አናስረዳም። 4003 የተባለው በጠባብ በር አንድ በአንድ የሚመጣውን ተቀብሎ በሰፊው ለማተሚያውና ለቁልፎቹ የሚያከፋፍል ነው። አራቱ አብረው ሲቆሙ አንድ ኮምፒዩተር ሆኑ። 4004 ብቻውን ግን ምንም ነው፤ ደንብ የሌለው፣ ሰሌዳ የሌለው፣ ደጅ የሌለው ዳኛ።

ሌላም ነገር ነበር። በውሉ መሠረት ቺፖቹ የቢዚኮም ብቻ ናቸው፤ ኢንቴል ለሌላ መሸጥ አይችልም። ሆፍና ፋጊን መብቱ እንዲመለስ ኖይስን ወተወቱት። ቢዚኮም ደግሞ በገበያ ውድድር ተቸግሮ ዋጋ እንዲቀነስለት ይለምን ነበር። በ1971 ኖይስ 60,000 ዶላሩን መልሶ ቺፖቹን ለሌላ የመሸጥ መብት አገኘ። በኖቬምበር 15 ቀን 1971፣ በእኛ ኅዳር 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ 4004 ከነረዳቶቹ ለገበያ መውጣቱ ተነገረ። ያ ገንዘብ ባይመለስ ኖሮ የማይክሮፕሮሰሰር ታሪክ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር።

ከ8080 እስከ አይቢኤም

በ1972 8008፣ በ1974 ደግሞ 8080 የተባሉ ቺፖች ተከተሉ። እነዚህ በአንድ ጊዜ ስምንት ምልክት የሚያነሡ ናቸው። 8008ን ሥራ ላይ ለማዋል ሃያ ያህል ትናንሽ ቺፖች በዙሪያው መደርደር ግድ ስለነበረ ገዢው ይቸገር ነበር። 8080 ግን የራሱ ረዳቶች ተሠሩለት። 8224 የተባለው ጊዜውን ይመታለታል፤ 8228 ትእዛዙን ለማስታወሻውና ለደጆቹ ያደርስለታል። በጃንዋሪ 1975 አልቴር 8800 የተባለ ማንም ሰው ቤቱ የሚገጣጥመው ኮምፒዩተር በአሜሪካ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ውስጡ ያለው 8080 ነበር። ቁልፍ ሰሌዳም ሆነ ስክሪን የለውም፤ በፊቱ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች እያነሡ እያወረዱ ነበር የሚያሠሩት። ሆኖም የግል ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

በኦገስት 12 ቀን 1981፣ በእኛ ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን አወጣ። ወደ አገራችን መሥሪያ ቤቶች በኋላ የገቡት ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የዚህ ዘሮች ናቸው። ዳኛው ኢንቴል በ1979 ያወጣው 8088 ነበር። ክዳኑን ከፍቶ ላየ ግን ዳኛው በረዳቶች ተከብቦ ይገኛል።

8284 የጊዜ መቺው ነው፤ በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ እየመታ ሁሉን በአንድ እርምጃ ያስኬዳል። 8288 የዳኛውን ቃል ተቀብሎ አንብብ፣ ጻፍ እያለ ያስተላልፋል። 8259 ተራ አስከባሪ ነው፤ ስምንት ጠያቂዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡ የማን ጉዳይ እንደሚቀድም ይወስናል፤ የእድራችን ዳኛ ስብሰባ ላይ ሳለ ለቅሶ የመጣበት ሰው ሌላውን ጉዳይ እንደሚያስቆመው ማለት ነው። 8237 ዕቃ አመላላሽ ነው፤ ከዲስክ ወደ ማስታወሻ የሚጓዘውን ጭነት ዳኛውን በየቁራጩ ሳያስቸግር ራሱ ያጓጉዛል። ድንኳን ጫኞች ለያንዳንዱ ካስማ ዳኛውን ይጠይቃሉን? 8255 ከቁልፍ ሰሌዳው የሚመጣውን ይቀበላል። 8253 ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ የቀኑን ሰዓት ያስቆጥራል፣ ድምፅ ያሰማል፤ ደግሞም ማስታወሻው በሺኛ ሰከንድ ውስጥ የያዘውን የሚረሳ ስለሆነ አሁን አሁን እያለ እንዲያድሱት ያስታውሳል። ከዳኛው አጠገብም 8087 ለተባለ የሒሳብ አዋቂ ባዶ መቀመጫ ተትቶለት ነበር፤ የፈለገ ገዝቶ ያስቀምጠዋል።

በጥገና ዘመኔ ብዙ ዝም ያሉ ኮምፒዩተሮች ቀርበውልኛል። ከነዚያ ውስጥ ዳኛው የሞተበት ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ከረዳቶቹ አንዱ፣ ወይም ኤሌክትሪኩን የሚያድለው ክፍል ነው። የጊዜ መቺው ከቆመ ዳኛው ደኅና ሆኖ ሳለ ቤቱ ሁሉ ይጨልማል።

ይህ ነገር በገበያም ታይቷል። ሞቶሮላ የተባለው ድርጅት በ1979 ያወጣው 68000 የተባለ ቺፕ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ ከኢንቴሉ የተሻለ ነበር። ግን ረዳቶቹ ገና አልተሟሉም። የኢንቴል ሰዎች በ1980 ዘመቻ ጀምረው ለገዢው ዋናውን ቺፕ ብቻ ሳይሆን ከነረዳቶቹ፣ ከነመጽሐፉ፣ ከነመሥሪያ መሣሪያው እናቀርባለን እያሉ ዞሩ። ረዳቶቹ በስምንት ሽቦ የሚነጋገሩና የረከሱ ነበሩ፤ 8088ም በስምንት ሽቦ ስለሚነጋገር ከነሱ ጋር ይስማማል። አይቢኤም ይህን ከመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። በረዳቶቹ የበለጸገው አሸነፈ ማለት ነው።

ስምንቱ ሽቦዎች የእኛንም ፊደል አስቸግረዋል። በስምንት ሽቦ የሚቆጠሩት ምልክቶች 256 ብቻ ናቸው። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ፣ ከላቲኑ ጋር ደግሞ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ሞልቶ ይፈሳል። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ያወጣውን አጋፋሪን የመሰሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን የሠሩ ወገኖቻችን ከዚህ ጥበት ጋር ታግለዋል። የነሱም ስም ሊጻፍ የሚገባው ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ጉድለቱ

የሞተ ሰው ሲነሣ በጎው ብቻ ይነገራል። እኔ ግን ሁለቱንም ልጻፍ።

ኖይስ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የአለቃ መኪና ማቆሚያ፣ የአለቃ ቢሮ የሚባል ነገር አላስቀመጠም። ሀብታም ሆኖም የሚሠራበት ጠረጴዛ የተጫጫረ አሮጌ ብረት ነበር። ትንሹ ሠራተኛ ሐሳብ ይዞ በቀጥታ ይቀርበዋል። ስቲቭ ጆብስ የተባለው የአፕል ኮምፒዩተር ወጣት እንኳ ሳይጠራ ቤቱ ድረስ እየመጣ ምክር ይጠይቀው ነበር።

ታዲያ ሰው መውደዱ ራሱ ድካም ሆኖበታል። ሰውን ማስቀየም አይችልም፤ ቁርጥ ያለ ውሳኔ የሚጠይቅ ክርክር ሲነሣ ያመነታል። በ1974 የገበያ ድቀት መጥቶ ኢንቴል ብዙ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት ክፉኛ አዘነ። በሚቀጥለው ዓመት የፕሬዚዳንትነቱን ሥራ ለሙር ትቶ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1979 ደግሞ ምክትል ሊቀ መንበር። 8088ን ያሸነፈው ዘመቻ በሌሎች እጅ የተሠራ ነው። በ1974 ደግሞ የአራት ልጆቹ እናት ከሆነችው ከኤሊዛቤት ጋር ተፋታ፤ በኋላ አን ባወርስን አገባ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የስም ነገር ነው። ፋጊን በ1974 ኢንቴልን ለቆ ዛይሎግ የተባለ ተወዳዳሪ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ኢንቴል ስለ መጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር በሚያወራው ታሪክ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚጠራው የሆፍ ስም ነበር፤ ቺፑን በእጁ ያወጣው ሰው ስም ተረሳ። ሺማም እንዲሁ ጥላ ውስጥ ቀረ። ሰው ከማኅበር ቢወጣ እንኳ በማኅበሩ ሳለ የሠራው ሥራ አብሮት አይወጣም። ይህን ኢንቴል ዘንግቶት ነበር። በ2010 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለፋጊን፣ ለሆፍና ለማዞር አንድ ላይ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳይ ሲሰጡ ነገሩ በከፊል ተስተካከለ። ፋጊንን ግን መጀመሪያም የጠበቀችው ያቺ በቺፑ ጠርዝ ላይ የቀረጻት ሁለት ፊደል ናት።

የመጨረሻ ዘመኑ

ኖይስ በ1979 ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ፣ በ1987 ደግሞ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳይ ተሸለመ። በ1988 ጡረታ ሊወጣ በሚገባው ዕድሜው ሰማቴክ የተባለውን ማኅበር እንዲመራ ተለመነ። ነገሩ እንዲህ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች በማስታወሻ ቺፕ ገበያ አሜሪካኖቹን እየበለጡ ስለመጡ 14 ተፎካካሪ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ገንዘብ አዋጥተው የማምረቻውን ዘዴ አብረው ለማሻሻል ተስማሙ። ግን አንዱ ሌላውን አያምንም፤ ሁሉም የሚስማማበት ሊቀ መንበር ጠፋ። በመጨረሻ ሁሉም የሚያከብሩት አንድ ሰው ኖይስ ሆኖ ተገኘ። ካሊፎርኒያን ትቶ ወደ ኦስቲን ከተማ ተዛወረ።

በጁን 3 ቀን 1990፣ በእኛ ግንቦት 26 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን፣ እንደ ልማዱ ጠዋት ዋኝቶ ሲመለስ ልቡ ቆሞ በ62 ዓመቱ አረፈ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለጃክ ኪልቢ ተሰጠ። ኖቤል ለሞተ ሰው አይሰጥም። ያ በፍርድ ቤት የኖይስ ባላጋራ ሆኖ የቆየው ሰው ሽልማቱን ሲቀበል ኖይስን አልረሳም፤ እሱ በሕይወት ቢኖር አብሮት እንደሚሸለም ተናገረ። በክርክሩ ዘመን ጠበቆች ያልሰጡትን ፍርድ ባላጋራው ራሱ ሰጠው።

እንግዲህ ወገኖቼ፤ ከዚህ ታሪክ ለእድራችን የሚሆን አንድ ነገር ልጠቁምና ላብቃ። በመዝገባችን ውስጥ የዳኞቻችንና የጸሐፊዎቻችን ስም በየዘመኑ ተጽፎ ይገኛል። ሌሊት በዝናብ ወጥተው ጥሩምባ የነፉት፣ ድንኳን የጫኑትና ያወረዱት፣ ወንበርና ሳህን ቆጥረው የተረከቡት፣ ለለቅሶ ቤት ውሃ የቀዱት ሴቶች ስም ግን የት አለ? ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ያሉትም እያረጁ ነው። የሚያስታውሳቸው ሰው በሕይወት ሳለ ከደንባችን መዝገብ ኋላ ጥቂት ገጾች ይለቀቁና ስማቸው፣ የሠሩት ሥራና ያገለገሉበት ዘመን ይጻፍ። ወረቀቱ ብዙ አይፈጅም፤ ሁለት ፊደል እንኳ የሰውን ስም ስንት ዓመት እንደምትጠብቅ አይተናል።

ለሞቱት ነፍስ ይማር፤ ለቀሩት ዕድሜና ጤና ይስጥልን።